19,000 አንቀጽ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አከራዬ ላማርር ነው የመጣሁት።

የቤት ኪራይ ውላችን ስንፈራረም አንድ ገጽ ነበር። አሁን አራት ደርሷል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ተጨመረ። ጎረቤቴ «መዘፍዘፍ እኮ ማጠብ አይደለም» አለች። በነጋታው ስለ መዘፍዘፍም ተጻፈ።

ይሄኔ የሚመጣብኝ የፕሩሲያው (የድሮ የጀርመን መንግሥት ናት) ንጉሥ፣ ታላቁ ፍሬድሪክ ነው። በ1779 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) አርኖልድ የሚባል ባለወፍጮ አቤት አለው። አንድ ባላባት ከላይ የዓሣ ኩሬ ቆፍሮ ውሃዬን ወሰደብኝ፣ ኪራይ መክፈል አቃተኝ፣ ወፍጮዬ ተሸጠ አለ። ንጉሡ ደሙ ፈላ። በባለወፍጮው ላይ የፈረዱትን ዳኞች አሰረ። የፍትሕ ሹሙን አባሮ ካርመር የሚባለውን ተካ። ጉዱ ግን ፍሬድሪክ ከሞተ በኋላ ነው፤ ተተኪው ዳኞቹን ነጻ አላቸው።

ካርመር ስቫሬዝ ከሚባል ጎበዝ የሕግ ሰው ጋር ሕግ ማርቀቁን ተያያዘው። ሁሉም ነገር ከተጻፈ ዳኛ የሚተረጉመው አይኖርም ነው ነገሩ። ከተጠራጠረም የሕግ ኮሚሽኑን ይጠይቅ። ንጉሡ ራሱ ረቂቁን አይቶ፣ በጣም ወፍራም ነው፣ ሕግ አጭር መሆን አለበት ብሎ ነበር። ማን ሰምቶት! በ1794 ሥራ ላይ ሲውል ከ19,000 በላይ አንቀጽ ነበረው። ጤነኛ እናት ልጇን ራሷ የማጥባት ግዴታ አለባት ይላል። እስከ መቼ? እሱን አባትየው ይወስናል። አባትየው! ይሄን ለእናቴ ባነብላት የሚደርስብኝን አውቀዋለሁ።

ኦስትሪያ ላይም ተሞክሯል። ለገዥዋ ለማሪያ ቴሬዛ ከ8,000 በላይ አንቀጽ ያለው ረቂቅ ቀረበላት፤ ረዘመ ብላ መለሰችው። በመጨረሻ ዛይለር የሚባል የሕግ ሰው ያሳጠረው ሕግ በ1811 ታወጀ፤ 1,502 አንቀጽ ብቻ። እኔ የምወደው 7ኛውን ነው። ሕጉ ያልደረሰበት ጉዳይ ከመጣ ዳኛው የሚመስለውን ይፈልግ፣ ካጣ በተፈጥሮ ሕግ መርሆች፣ ማለትም ሳይጻፍም ፍትሕ ነው በሚባለው፣ ይፍረድ ይላል። ያልጻፍኩት ነገር ይኖራል ብሎ ማመን እኮ ድፍረት ይጠይቃል። ይሄ ሕግ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም ይሠራል። የፕሩሲያው የፍትሐ ብሔር ክፍል ግን በ1900 ለአዲሱ የጀርመን ሕግ ቦታውን ለቀቀ።

አከራዬ ትናንት ማታ አምስተኛውን ገጽ ይዘው መጡ። ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው።