አንድ ወር ሙሉ አረፋ
(በትምህርት ቤቱ የዋና ቡድን ወላጆች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ፣ ከሊቀመንበሯ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ አሰልጣኛችን፣ እንዲሁም ጸጉራችሁ ሳይደርቅ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ። እንኳን በሰላም መጣችሁ።

አምና እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስትመርጡኝ አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር፤ ዋና አልችልም። ያደግሁት እዚሁ ፒያሳ ነው። ለእኔ በልጅነቴ ውሃ ማለት ወይ የቦኖ ወረፋ ነው፣ ወይ በጥምቀት ጃንሜዳ የሚረጨን ጸበል። ነገሩ ሲታሰብ ይገርማል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃን ወድደው ባይወርዱ ይህች ከተማ እንጦጦ ላይ ትቀር ነበር። ውሃ አይተው የከተሙ ሰዎች ልጆች ነን፤ ውሃ ከጉልበታችን ካለፈ ግን እንጮሃለን።

ልጄን ሳስመዘግብ ሜዳሊያ አላሰብኩም። በየክረምቱ ድንጋይ ወጥቶባቸው ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶችና ከወንዞቻችን ሬሳቸው ስለሚወጣ ልጆች የምንሰማው ወሬ ነው ያስመዘገበኝ። የሜዳሊያው ምኞት ቀስ ብሎ ነው የገባብኝ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ።

ጥቅምት ላይ አሰልጣኛችን ልጆቹን የገንዳውን ጠርዝ አስይዘው፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ እያስነከሩ አረፋ ማስነፋት ጀመሩ። አንድ ሳምንት አረፋ። ሁለተኛውም ሳምንት አረፋ። በአራተኛው ሳምንት ስልኬ ማረፊያ አጣ። አንድ አባት፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነው እየሳቁ ነው፣ «እህቴ፣ አረፋማ ከሆነ እቤት ኦሞ አለልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን እኔም ቅር ብሎኝ ነበርና የሁላችሁንም ቅሬታ ይዤ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ።

ያኔ የነገሩኝን እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጀማሪ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን አፍኖ ይቆያል። አፉን ከውሃ በሚያወጣባት ቅጽበት የያዘውን አስወጥቶ አዲስ ለማስገባት ጊዜ አይበቃውም። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆን ይደነግጣል፣ አንገቱን ያቀናል፣ አንገቱ ሲቀና ወገቡና እግሩ ይወርዳል። እኛ ከዳር ሆነን ደከመው እንላለን፤ እሱ ግን ያላወጣው አየር ነው ያቃተው። አረፋ መንፋት ማለት እንግዲህ አየሩን ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ ማስወጣትን መልመድ ነው። ደግሞ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያንሳል። ከፍታው ለሯጮቻችን በረከት ነው ሲባል ሰምተናል። ሯጭ ግን ሲያሻው ይተነፍሳል፤ ዋናተኛ የሚተነፍሰው ተራው ሲደርስ ነው።

ጥቅምት ላይ 25 ሜትሩን ሳይቆሙ የሚሻገሩ አራት ልጆች ነበሩን። ዛሬ ከሃያ ሁለቱ የማይሻገሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ዘግይተው የተቀላቀሉን ናቸው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ከባድ ነበሩ። የውድድር ውሃ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ እንዲሆን ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል፤ የምንከራየው ገንዳ ደንቡን አላነበበም። ጣሪያ የለውም፤ ሌሊቱን ውርጭ ሲያድርበት ጠዋት ላይ የልጆቹ ከንፈር ይጠቁር ነበር። አሰልጣኙ ልምምዱን አሳጠሩት፤ አንዲት አያት ደግሞ ሳያቋርጡ በየቅዳሜው ትኩስ አጥሚት በፔርሙስ ያመጡ ነበር። እማማ፣ እግዜር ይስጥልን።

ብርድ ያላስቀረብንን ልጆች ጸጉር አስቀረብን። ሦስት ሴት ልጆች ሹሩባቸው ቆቡ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ክሎሪኑም ጸጉራቸውን እያደረቀው አቆሙ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያያችሁ አባቶች አላችሁ፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ለወፍራም ጸጉር የተሠራ ሰፊ ቆብ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሳይፈቀድ ቀርቶ፣ የተፈቀደው በ2022 ነው። እኛም ሰፋፊ ቆብ ገዛን። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጸጉራቸውን በንጹሕ ውሃ ያርሳሉ፤ የረጠበ ጸጉር ክሎሪኑን ያን ያህል አይጠጣም። ሁለቱ ተመልሰዋል። የሦስተኛዋ እናት እዚህ ካሉ ከሻይ በኋላ ባገኛቸው ደስ ይለኛል።

ሁዳዴና ረመዳን አብረው በገቡ ጊዜ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ ነው የተግባባነው፦ መጾም አለመጾሙ የልጁና የቤተሰቡ ነው፤ ርቀቱን መቀነስ የአሰልጣኙ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። በግንቦቱ ውድድር በደረት ቀዘፋ ሁለተኛ ወጥታ ውጤቷ የተሰረዘባት የእኔ ልጅ ናት። ዳኛው ላይ የጮኸችውም ሴት እኔ ነኝ፤ አይታችሁኛል። በደረት ቀዘፋ ሲዞሩም ሲጨርሱም ግድግዳው በሁለት እጅ፣ እኩል መነካት አለበት። እሷ በአንድ እጅ ነካች። ደንቡን ያስረዳችኝ ታክሲ ውስጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማን እየተሳቀቀች ራሷ ናት። ዳኛውን በማግስቱ ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ዛሬ እናንተንም እጠይቃለሁ፤ ከዳር ሆኖ መጮህ ከእኔ ይብቃ።

ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻ ሲወጣ፣ ዓለም ሁሉ ሰውነቱን እያየ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስልኬ ላይ እያየሁ ስቄያለሁ። ዘንድሮ ሰዓት ይዤ ገንዳ ዳር ስቆም ያ ሰዓት ትዝ አለኝ። ከልጆቻችን ወደዚያ ሰዓት የተጠጋ አንድም የለም። መጠጋት ቀርቶ፣ ግማሾቹ 100 ሜትሩን ሳያርፉ አይጨርሱትም።

የሂሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል፤ የገንዳው ኪራይ ከመስከረም ጀምሮ እንደሚጨምር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ስትሰሙት እንዳትደነግጡ። ክረምቱን ነጎድጓድ ባለበት ቀን ማንም ልጅ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የዚያን ቀን ልምምዱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ለወላጆች አንድ ሰዓት ተፈቅዶልናል። እስካሁን የተመዘገብነው እኔና ኦሞ ያላቸው አባት ነን፤ ከአረፋው እንጀምራለን።

ጉባኤው ተከፍቷል። አሰልጣኝ፣ ወደ መድረኩ ይምጡልን።