የንጋት ጭጋግ ትንበያ ከምሽቱ ንባብ ይጀምራል

የተከበራችሁ የሚቲዎሮሎጂ ተንባዮችና የምልከታ ባለሙያዎች፣

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሳይጠበቅ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው አየሩን በኮምፒውተር ወደሚያሰላው ሞዴል ነው፤ «ፍርግርጉ ይጥበብ»፣ ማለትም የሚሰላባቸው ነጥቦች ይቀራረቡ ይባላል። ቢጠብ አይከፋም፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። መጀመሪያ ምሽት ላይ ለሞዴሉ ያቀበልነውን ቁጥር እንፈትሽ።

ጭጋግ የምንለው እይታ ከ1000 ሜትር ሲያንስ ነው። ሞዴሉ የሚያሰላው በአየር ውስጥ የተንሳፈፈውን ውሃ ሲሆን እይታው ከዚያ ይገመታል፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ግራም ጠብታ ካለ እይታው 200 ሜትር ገደማ ነው። ጠብታው እንዲፈጠር ደግሞ አየሩ እርጥበት መጥገብ አለበት። በ10 ዲግሪ የጠገበውን አየር ሞዴሉ 11 ዲግሪ ነው ብሎ ከያዘው፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 94 በመቶ ይወርዳል፤ ጭጋጉም ከትንበያው ይጠፋል። በአንድ ዲግሪ!

አሁን የአየሩን እርጥበት በሁለት ቴርሞሜትር፣ በደረቅና እርጥብ ጨርቅ በለበሰ፣ ወደሚለካው ሳይክሮሜትር እንምጣ። ማራገቢያ ያለው ነው እንበል፤ ምሽት ላይ ደረቁ ቴርሞሜትር 15፣ እርጥቡ 10 ዲግሪ ያነብባል። ለባሕር ጠለል ግፊት በተሠራ ሰንጠረዥ ብንሄድ የጤዛ ነጥቡ (አየሩ ቀዝቅዞ እርጥበት የሚጠግብበት ሙቀት) 5.3 ዲግሪ ይመጣል። ቦሌ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ግፊቱ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። በዚህ ግፊት ሲሰላ 6.6 ይሆናል። በ5.3 የተነሣ ሞዴል አየሩ እስኪጠግብ ተጨማሪ ቅዝቃዜ ይጠብቃል፤ ጭጋጉን ያዘገየዋል ወይም ጭራሽ አያየውም።

የእርጥቡ ቴርሞሜትር ጨርቅ ሲቆሽሽ ወይም ሲደርቅ ስህተቱ ይገለበጣል፤ ንባቡ ከፍ ይላል፣ ያልመጣ ጭጋግ ይተነበያል። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ተጣፍተው ትክክል ይመስላሉ፤ የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ ውሃውም የተጣራ ይሁን።

ሰዓቱንም እንዳንረሳ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት 18:00 ነው። «3» ተብሎ የተጻፈው 03:00 ሆኖ ከገባ፣ የምሽቱ አየር የንጋት 12 ሰዓት አየር ይሆናል።

ንባቡ ትክክል ቢሆንም ወደ ሞዴሉ አገባቡ ሊያበላሸው ይችላል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቅዝቃዜው መሬት ላይ የተኛ ስስ ንጣፍ ነው። ከመሬት በ2 ሜትር ላይ ከተለካው ንባብ ለሞዴሉ የተገኘውን እርማት እስከ 500 ሜትር ብንዘረጋው ያልቀዘቀዘውን አየር ሁሉ እናቀዘቅዛለን። በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ለጭጋግ በተዘጋጀው ባለ አንድ አምድ ሞዴል (ከቦታው በላይ ያለውን አየር ብቻ በሚያሰላው)፣ በ30 ሜትር ምሰሶ ላይ የሚለካው ሙቀትና እርጥበት፣ የጨረር ልኬትና የአፈር ንባብ አብረው ይገቡ ነበር። ምሰሶ ለሌለው ጣቢያ እርማቱን በጥቂት አሥር ሜትሮች መገደብ፣ በ5፣ በ10 እና በ20 ሴንቲሜትር ጥልቀት የተለካውን የአፈር ሙቀት መጨመር ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ የአፈሩ እርጥበትም ይታረም፤ ርጥብ አፈር ከታች ሙቀት እየላከ ቅዝቃዜውን ያዘገያል፣ አየሩን ግን ያረጥባል።

ውጤቱን ስንመዝን «በመቶ ስንት ልክ ነበር» አንበል። ጭጋግ ብዙ ጊዜ ስለማይመጣ፣ ሁልጊዜ «የለም» የሚል ተንባይም ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። የተያዘው፣ ያመለጠውና በከንቱ የተነገረው ለየብቻ ይቆጠር፤ ከእያንዳንዱ ጎን የምሽቱ ደረቅና እርጥብ ንባብ ከነሰዓቱ ይጻፍ።