ቁልቁለቱን በወጣህበት ማርሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደሴ ነኝ። ክረምቱ ገብቷል፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም። እንዲህ ያለ ቀን ቤት ቁጭ ብሎ ጌም መጫወት ደስ ይላል።

የኳስ ጌሙን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ስታርዲው ቫሊንም ብዙ ካረስኩ በኋላ አሳረፍኩት። ግሩም ጌም ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። አሁን ልቤን የወሰደው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ነው። ከባድ መኪና መንዳት፣ በቃ። ተኩስ የለ፣ ዋንጫ የለ። ጭነት ትቀበላለህ፣ ታደርሳለህ፣ ሒሳብህን ትወስዳለህ።

አዲስ ጌም አይደለም። ኤስሲኤስ ሶፍትዌር የሚባል የፕራግ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ አዳዲሶቹን አይችልም፤ ይህን ግን ግራፊክሱን ዝቅ ሳደርግለት ይሸከመዋል። ስትጀምር የምትነዳው የሰው መኪና ነው። ቀስ በቀስ ታጠራቅማለህ፣ ወይ ከባንክ ትበደርና የራስህን ትገዛለህ። ሳታርፍ ብዙ ከነዳህ እንቅልፍ ይመጣና ስክሪኑ ይጨልማል። ቀይ መብራት ከጣስክ ትቀጣለህ። የአውሮፓን መንገድ 1 ለ19 አሳንሰው ነው የሠሩት፤ ቢሆንም መንገዱ ረጅም መሆኑ ይሰማሃል።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባባ ሹፌር ነበሩ። የአሰብ መንገድ ሹፌር። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው። ከኮምቦልቻ ተነስተው በባቲ፣ ከዚያ ሚሌ፣ ከዚያ የአፋርን በረሃ አቋርጠው አሰብ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሳቸው ጅቡቲ ጥቂት ሠርተው አቆሙ። ልጅ ሆኜ የማስታውሳቸው ተኝተው ነው። ከመንገድ ሲመጡ ይተኛሉ፣ እኛ "ቀስ በሉ፣ አባባ ተኝተዋል" እንባላለን። ሥራው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ጥግ ይዤ 20 ቶን ጭኜ ከስዊዘርላንድ ወደ ሚላኖ እየወረድኩ ነው። ጌሙ ውስጥ የአየር ፍሬኑን እንደ እውነተኛው የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ እሱን አብርቼዋለሁ። ፍሬን ደጋግመህ ከረገጥክ አየሩ ያልቃል። እኔ ደግሞ እየረገጥኩ ነው።

"ልቀቀው! ፍሬኑን ልቀቀው!"

ዞር ስል አባባ ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ስክሪኑ ተጠግተዋል። "ማርሽ ቀንስ። ቁልቁለት በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው።"

ቀነስኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ያዝ አለ። በጣም ገረመኝ። ብዙ ሰዓት የተጫወትኩት ጌም ነው፣ እንዲህ ሲታዘዝልኝ ግን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወሬው ተከፈተ። ስለ ሐረጎ ቁልቁለት አወሩኝ። እኔ ሐረጎን የማውቀው በሚኒባስ መስኮት ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙዚቃ እየሰማህ ትወርደዋለህ። እሳቸው ግን ከመውረዳቸው በፊት መኪናውን ያቆማሉ። ረዳቱ በመዶሻ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል። አየር ያለው ጎማ ሌላ ድምፅ አለው፣ የጎደለው ሌላ። በረሃው ላይ ደግሞ ቀን ከመንዳት ሌሊቱን ይመርጡ ነበር፣ ሙቀቱ ጎማ ስለሚያፈነዳ። ለካ ያን ሁሉ እንቅልፍ የሚያመጡት ከዚያ ነው።

"ፊያት የለውም?" አሉኝ። ኢቬኮን አሳየኋቸው። ፊያት በ1975 እ.ኤ.አ. የከባድ መኪና ሥራውን ከሌሎች ጋር አዋህዶ የመሠረተው ኩባንያ ነው፤ "ልጁ ነው በሉት" አልኳቸው። ፈገግ አሉ። "እስቲ ስጠኝ" አሉ።

ኪቦርዱን ሰጠኋቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ፍሪሲዮኑስ?" የሚል ነበር። የለም አልኳቸው። ግን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ግራ እግራቸው ጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይረግጣል። ያን እግር አይቼ ዝም አልኩ። እናቴም አየችው። በረካው እስኪቀርብ ማንም አልተናገረም።

በ40 ነው የነዱት። ደረስንና ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት ቀረ። ጌሙ ላይ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ እኔ ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። "አይዘለልም" አሉ። "የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድልህ መሪውን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ስበር።" ግማሽ ገባ። መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይቆምም።

መሪና ሦስት ፔዳል ያለው ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ሦስተኛው ፔዳል የግድ ነው።

እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ በሩን አንኳኩ።

"ጭነቱስ? ተራገፈ?"

"መብራት አልመጣም አባባ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።"

"እንግዲያው ሳልመጣ እንዳትነካው" አሉኝ።