ጌሙን ነው የገመገምነው ወይስ ሻጩን?

የተከበራችሁ የጌም ወዳጆች፣ የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ጌም መሥራት እየተማራችሁ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዲስ የቡድን ተኩስ ጌም በወጣ ቁጥር ስለሚነሳው ክርክር ነው ዛሬ የምናገረው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ወገን «ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ ይህን ካልተጫወትክ ምን ተጫወትክ?» ይላል። ሌላው «ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላል። የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ስቲም ደግሞ፣ የገዢዎችን ግምገማ ደምሮ፣ ከጌሙ ስም ሥር «ድብልቅ» ብሎ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ አብረው ሊጫወቱ የተቀጣጠሩ ጓደኛሞች ሌሊቱን በጭቅጭቅ ይጨርሱታል።

ነገሩን በአንድ ጌም ላይ አተኩሬ ላሳያችሁ። ሄልዳይቨርስ 2 ነው። የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ይህ ጌም በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨብጭቦለታል፣ ተረግሟል፣ ይቅርታ ተደርጎለታል፣ እንደገና ተረግሟል። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ የእኛ አገር ተጫዋች ጉዳይ አለበት።

በቅድሚያ ስለ ቁጥሩ። ስቲም ላይ ግምገማ የሚጽፍ ሰው ከአሥር ነጥብ አይሰጥም። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያደርጋል፣ ከዚያ የፈለገውን ይጽፋል። ከመቶ ሰው ከ40 እስከ 69 የሚሆነው ወደ ላይ ካደረገ መለያው «ድብልቅ» ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «መካከለኛ ጌም» ብሎ ይረዳዋል፤ አይደለም። መቶ ሰው «ምንም አይልም፣ ይሞክሩት» ያለለት ተራ ጌም መቶ አውራ ጣት ሊያገኝ ይችላል። ድብልቅ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ያሳበደና ግማሹን ያስቆጣ ጌም ነው። ስለዚህ ያንን መለያ ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ «ጥሩ ነው መጥፎ?» ብላችሁ አይደለም። «እነዚህን ሰዎች ያጣላቸው ምንድን ነው?» በሉ።

ሄልዳይቨርስ 2ን የሠራው ስቶክሆልም ያለው አሮውሄድ የተባለ ድርጅት ነው፤ ያሳተመው የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ። የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ነው፣ በፕሌይስቴሽን 5 እና በፒሲ፣ ዋጋው 40 ዶላር። አራት ሰዎች አንድ ፕላኔት ላይ ይወርዳሉ፣ ተልእኳቸውን ይፈጽማሉ፣ ከቻሉ በሕይወት ይወጣሉ። ጥይታችሁ ጓደኛችሁን ይገድላል። የጠራችሁት ቦምብ ጓደኛችሁ ቆሞበት ከነበረ እሱንም ይዞት ይሄዳል። ድጋፍ ለመጥራት ጠላት እየተንጋጋባችሁ የቀስት ቁልፎችን በቅደም ተከተል መጫን አለባችሁ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ቀስት ይሳሳታል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። እኔ ከዚህ የበለጠ ቡድንን ቡድን የሚያደርግ ሥርዓት በተኩስ ጌም ውስጥ አላየሁም። ስለ መሣሪያውም ስለ ግራፊክሱም ብዙ ማለት ይቻላል፣ የጌሙ ነፍስ ግን እዚያ ጋ ነው፦ ጎረቤትህን ሳትጠብቅ ማሸነፍ አትችልም፣ ጎረቤትህንም በገዛ እጅህ ልትጎዳው ትችላለህ።

ይህን ጌም የሚገመግም ሰው ታዲያ ግማሹን የሚገመግመው አብረውት የወረዱትን ሦስት ሰዎች ነው። ደቦ ወጥቶ የተመለሰ ገበሬን «እንዴት ነበር?» ብትሉት፣ ስለ ማሳው ከመናገሩ በፊት ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ነው የሚነግራችሁ። ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር የተጫወተው ሰውና ከማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ገብቶ መሀል ላይ የተባረረው ሰው ሁለቱም እውነት እየጻፉ ነው። የብቻ ጌም ላይ ይህን ያህል ልዩነት አይፈጠርም። የቡድን ጌም ግምገማ የሚከፋፈልበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፣ ማንም ደግሞ አልዋሸም።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ጌሙ በወጣባቸው ቀናት አሮውሄድ ያልጠበቀው ሕዝብ ጎረፈበት። ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አልቻለም፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው 450,000 ላይ እንዲገደብ ተደረገ። ከፍለው የገዙ ሰዎች በር ላይ ቆሙ። የያኔው የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዮሃን ፒለስቴት ራሱ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሰርቨሩ እስኪስተካከል ድረስ ባይገዛ እንደሚሻለው በይፋ መከረ። እንዲህ ያለ ሻጭ ብዙ አላጋጠመኝም፣ አክብሬዋለሁ። በእነዚያ ቀናት ስቲም ላይ የነበረው መለያ «ድብልቅ» ነበር። በሩ ሲከፈት መለያውም ተለወጠ። በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ 12 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

አሁን እኛ ወደምንገባበት ክፍል ልምጣ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2024 ሶኒ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ የስቅለት ዕለት። ጌሙን በስቲም የገዛ ሰው ሁሉ በሶኒ የኢንተርኔት ጌም አገልግሎት፣ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ አካውንት ከፍቶ ማያያዝ አለበት፤ አለበለዚያ መጫወት ያቆማል። ግዴታው በመሸጫ ገጹ ላይ ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር፣ እውነት ነው። በሰርቨሩ ችግር ምክንያት ግን ለጊዜው እንዲታለፍ ተደርጎ፣ ሰዎች ለሦስት ወር ገደማ ያለ አካውንት ሲጫወቱ ቆይተዋል።

አካውንቱ የማይከፈትባቸው አገሮች አሉ። የአገሮችን ዝርዝር አውርዳችሁ ስትፈልጉ ኢትዮጵያን አታገኟትም። ከመላው አፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። እዚህ ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ሰዎች ምን እንደምታደርጉ ታውቃላችሁ፤ የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ብላችሁ ትመዘገባላችሁ። ደንቡ ደግሞ ትክክለኛ አድራሻ ይጠይቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ሕጋዊ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሕጋዊ ጌም ገዝቶ፣ ለመጫወት ሲል ብቻ ስለሚኖርበት አገር እንዲዋሽ ይገደድ ነበር ማለት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ከማስታወቂያው በኋላ ጌሙ በ177 አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ተነሳ።

ተጫዋቾች ያደረጉትን ታስታውሳላችሁ። ከ200,000 በላይ አሉታዊ ግምገማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎረፈ። ጌሙ በአንድም ጥይት አልተለወጠም፤ ሐሙስ የነበረው ጌም ቅዳሜም ያው ነበር። መለያው ግን ወደ ታችኛው እርከን ወረደ። ብዙ ሰዓት የተጫወቱ ሰዎች ሳይቀሩ ስቲም ገንዘባቸውን እንደመለሰላቸው ተናገሩ። ፒለስቴትም ግዴታው እንደሚመጣ ጌሙ ከመውጣቱ ስድስት ወር ገደማ በፊት ያውቁ እንደነበር አመነ። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ እዚህ ነግቶ ሲነሳ፣ ሶኒ ውሳኔውን መተዉን አስታውቆ ነበር። ብዙዎችም ተመልሰው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አዞሩ።

ይህን ሥራ «የግምገማ ዘመቻ» ብለው የሚነቅፉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል ክርክር አይደለም፦ ግምገማ ጌሙን ለማያውቅ ገዢ የሚጻፍ ምስክርነት ነው፣ ለድርጅት የሚላክ የተቃውሞ ደብዳቤ አይደለም፤ ሁሉም በተናደደ ቁጥር አውራ ጣቱን ወደ ታች ካደረገ አዲስ ገዢ ማንን ይመን? ስቲም ራሱ ይህን ለማገዝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ግምገማ በየቀኑ የወጣበትንና የወረደበትን ግራፍ ማሳየት ጀመረ፣ በ2019 ደግሞ ከጌሙ ጋር ግንኙነት የሌለው ዘመቻ ከድምሩ እንዲወጣ አደረገ።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ሶኒን ከተቃወሙት ተጫዋቾች ጋር ነኝ። አንድ ጌም ነገ እንደማይከፈትልኝ ማወቅ ስለ ጌሙ ከማውቀው ነገር ሁሉ ይበልጣል። አዲስ አበባ ሆኖ 40 ዶላር ሊከፍል ለሚያስብ ልጅ ከዚያ የሚጠቅመው ምስክርነት የለም። የዶላሩን ምንዛሪ ሳንቆጥር፣ ዓለም አቀፍ ክፍያ ለመፈጸም የሚያልፍበትን ውጣ ውረድ ሳንቆጥር። ደግሞም መብታቸው ያልተነካ ብዙ ተጫዋቾች፣ አካውንቱን በአንድ ደቂቃ ሊከፍቱ የሚችሉ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን፣ ከዝርዝሩ ውጪ ለሆንነው ሲሉ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ይህን አልረሳላቸውም።

የኦገስቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2024 ትልቅ ማሻሻያ ወጣ። አሥረኛ የአስቸጋሪነት ደረጃ ተጨመረ፣ በዚያው ግን ተጫዋቾች የሚወዷቸው እሳት የሚተፉ መሣሪያዎች አቅማቸው ተቀነሰ። ቁጣው እንደገና ነደደ። አንዱ ወገን የሚለው፦ ከሥራ ደክሜ ገብቼ ከጓደኞቼ ጋር የምደሰትበትን መሣሪያ ለምን ትነጥቁኛላችሁ? ከሰው ጋር አልወዳደርም፣ ከማሽንና ከግዙፍ ተባይ ጋር ነው የምዋጋው፤ እኔ ብበረታ ማን ይጎዳል? ሌላው ወገን የሚለው፦ ፍርሃቱ ከጠፋ መተጋገዙም ይጠፋል። ብቻውን ሁሉን የሚገድል ሰው ሦስት ጓደኛ ለምን ያስፈልገዋል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን ደፍሬ ተሳስቷል አልልም። አሮውሄድ በ60 ቀን ውስጥ አስተካክላለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ በሴፕቴምበር 17 ማሻሻያ ብዙ መሣሪያዎችን መልሶ አጠናከረ፤ ተጫዋቹም ተመለሰ።

ስለ ሌላ የቡድን ተኩስ ጌም፣ ተጫዋቾች አብረው ዘረፋ ስለሚፈጽሙበት ፔይዴይ 3፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እሱም ከስቶክሆልም ነው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 የወጣ። ብቻህን ለመጫወት እንኳ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበር፣ ቡድን የሚያገናኘው ሥርዓት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደቀ። ዘረፋዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ፤ በር ላይ የቀረ ሰው ግን አላያቸውም። በኋላ ብዙ ነገር ተስተካከለ፣ ሰዉ ግን ሄዷል። ሁለቱን ጌሞች የለያቸው የግምገማው ክፋት አይደለም። ሄልዳይቨርስ 2 ላይ ሰዎች የተቆጡት ወድደውት ስለነበር ነው።

አሁን ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 አሮውሄድ የፒሲውን ጌም መጠን ከ154 ጊጋባይት ወደ 23 ጊጋባይት እንዳወረደው አስታወቀ። ያን ያህል ያበዛው በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ በፍጥነት እንዲከፈት ተብሎ አንድ ፋይል ደጋግሞ መቀመጡ ነበር። ሲለኩት ልዩነቱ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ለጥቂት ሰከንድ 131 ጊጋባይት! ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ዳታ በጥቅል የሚገዛ፣ ሲያወርድ መብራት የሚጠፋበት፣ ላፕቶፑ ላይ ቦታ ለማግኘት የቤተሰብ ፎቶ የሚሰርዝ ሰው ግን ጌሙን ሳያየው ተሸንፏል። ይህን የሚጽፍ ማነው? ከእኛ በቀር ማንም።

ስለዚህ ስትጽፉ ከየት ሆናችሁ እንደተጫወታችሁ ጻፉ። የኢንተርኔት መስመሩ ምን ያህል እንደዘገየባችሁ፣ ጨዋታውን የከፈተው ሰው አውሮፓ ያለ ሲሆንና ጓደኛችሁ ሲሆን ያለውን ልዩነት፣ መብራት ጠፍቶ ስትመለሱ ጌሙ የያዛችሁትን አቆይቶላችሁ እንደሆነ ወይም ነጥቋችሁ እንደሆነ። አብረዋችሁ የነበሩት ጓደኞች ይሁኑ እንግዶች ጻፉ። የተናደዳችሁት በጌሙ ከሆነ በጌሙ፣ በሻጩ ከሆነ በሻጩ ብላችሁ ለዩት፤ አንባቢው አይደናገርም፣ ሻጩም «ጌማችንን ስለጠሉት ነው» ብሎ አያመልጥም። የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ፊፋ ቤታችሁን እንደሞላው አውቃለሁ። አራት ልጆች ከፍለው ገብተው በማግስቱ የሚመለሱበትን የቡድን ጌም ግን ከማንም ሐያሲ በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ያያችሁትን ጻፉ።

ጌም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራችሁን ለዓለም ስትሸጡ ከመክፈያው ቁልፍ በላይ፣ በጉልህ፣ ገዢው በአገሩ ሊጫወተው ይችል እንደሆነ አስቀምጡ። ከሶኒና ከመሰሎቹም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚያም አልፎ ገንዘባችን በሚገባበት ዝርዝር ውስጥ ስማችን እንዲገባ እንጠይቃለን።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።