ለተራራ የትኛው ሰዓት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሰዓት ላወራችሁ ነው። ጀርመን ያለው ታላቅ ወንድሜ ለእረፍት ሊመጣ ስለሆነ «ለተራራህ ሰዓት ልያዝልህ፣ የቱን?» አለኝ። ራሱ የመረጠው ካሲዮ ፕሮ ትሬክ ነው፣ ያውም ውዱን። እኔ ደግሞ ቀለል ያለውን አልኩት። ተከራከርን። ክርክሩን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ፕሮ ትሬክ ላይ «ባለ ሦስት ሴንሰር» ሲባል ሦስት መለኪያ አለው ማለት ነው፦ አንዱ የአየር ግፊት፣ አንዱ አቅጣጫ፣ አንዱ ሙቀት ይለካል። ከፍታ ለብቻው አይለካም፣ ከግፊቱ ተሰልቶ ነው የሚመጣው። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሰዓቱም ያንን ወደ ሜትር ይመነዝረዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለውጥ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ግን 12 ሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን እዚያው ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ካምፕ፣ 3,620 ሜትር ላይ ናችሁ እንበል። ጠዋት አራት ሰዓት ከፍታውን አስተካክላችሁ ሰዓቱን ድንኳን ውስጥ ትታችሁት ሂዱ። አስር ሰዓት ስትመለሱ ሃያ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ «ወጥቶ» ይጠብቃችኋል። አልተበላሸም። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ጠዋትና ማታ አራት ሰዓት ግድም ከፍ፣ ቀንና ሌሊት አስር ሰዓት ግድም ዝቅ። ግፊቱ ሲወርድ ሰዓቱ ተራራ የወጣችሁ ይመስለዋል።

ወንድሜ በጣም ያደነቀው የማዕበል ማስጠንቀቂያውን ነበር። ሱንቶ የሚባለው ሰዓት ለምሳሌ ግፊቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ 4 ሄክቶፓስካል ከወረደ ይጮኻል። አልፕስ ላይ ይህ ነፍስ ያድናል፣ እዚያ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ግፊቱ ቀድሞ ይወርዳልና። የእኛ የክረምት ነጎድጓድ ግን መሬት ሲሞቅ እዚያው የሚከመር ደመና ነው፤ በረዶ እየወረደባችሁ ሰዓቱ ምንም ላይል ይችላል። እኔ ስካውቱ፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ጋቢውን መከናነብ ሲጀምር ነው የዝናብ ልብሴን የማወጣው።

ታዲያ ግፊት መለኪያው ከንቱ ነው? የለም! ከዚያች የቀን ውጣ ውረድ በቀር የእኛ አየር ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ከፍታው ከአውሮፓ ይልቅ እዚህ የበለጠ ይታመናል። ከፍታው የታወቀ ቦታ በደረሳችሁ ቁጥር ማስተካከል ብቻ ነው።

ኮምፓሱ ብረት አይወድም። የስካውቱ ጠመንጃ አጠገብ ቆማችሁ ሰሜን የት ነው ብትሉት አጉል ቦታ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ትንሽ ራቅ በሉ። ሙቀት መለኪያው እጃችሁ ላይ እያለ የሚነግራችሁ የገላችሁን ሙቀት ነው። አውልቃችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ውዱ ሞዴል ላይ ዋጋ ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ በሬዲዮ ሞገድ ሰዓቱን በራሱ ማስተካከሉ ነው። ሞገዱ የሚለቀቀው ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከቻይና ነው። የጀርመኑ ጣቢያ ማይንፍሊንገን፣ ፍራንክፈርት አጠገብ ነው፤ ለወንድሜ ጎረቤቱ ማለት ነው። እኛ ጋ አይደርስም። በማይሠራ ነገር ምን አደከመው!

ፀሐይ ለምትሞላው ባትሪ ግን ሳልሳሳ እከፍላለሁ። የጂፒኤስ ሰዓቶች የሄዳችሁበትን መንገድ ይሥሉላችኋል፣ ደስ ይላል፤ ለብዙ ቀን ጉዞ ግን ባትሪያቸው ያሳስባል፣ ካምፕ ውስጥ ደግሞ ሶኬት የለም።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ጂ-ሾክ የሚባለው የካሲዮ ሰዓት በ1983 (እንደ አውሮፓውያን) ሲወጣ መሐንዲሱ ኪኩዎ ኢቤ ያሰበው ከ10 ሜትር ወድቆ የማይሰበር ሰዓት ነበር። እኔ መጀመሪያ የማየው መስታወቱ ከጠርዙ ዝቅ ማለቱን ነው፤ ድንጋይ ስትቧጥጡ የሚነካው ጠርዙ ይሁን። ቀጥሎ ማሰሪያው፦ ላብና ፀሐይ የሚጨርሰው እሱን ነውና መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

እዚሁ አዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ኮፒ ብዙ ነው። ሴንሰር ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ባዶ የሆነ አለ። ሱቁ ፎቅ ላይ ከሆነ ጥሩ፤ ምድር ቤት ከፍታውን አንብቡ፣ አምስተኛ ፎቅ ወጥታችሁ እንደገና አንብቡ። አሥራ አምስት ሜትር ያህል መጨመር አለበት። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ለባለ ሱቁ መልሱለት። ባለቤቱ «ትንሽ ቆይቶ ይሠራል» ካላችሁም መልሱለት።