«ማነው?»

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ ስለ ቤት ነው የማወራችሁ።

ያደግኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተከራይቼ እኖራለሁ። ከዚራ ባቡሩ ሲመጣ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ደስ ይላል። ግን ሰው ሰላም ሳትሉ ማለፍ ትችላላችሁ። ጀጎል ውስጥ ይሄ አይሆንም። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ወደ ግንቡ ጠጋ ማለት አለበት። ፊት ለፊት ተያይቶ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው።

የጎረቤታችን ቤት ጌይ ጋር ነበር፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ታገኛላችሁ። ነደባ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ ተቀማጭ አለው። ቀይ አፈር ይቀባሉ፤ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ ሰዎቹ። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያል።

በሰባት ዓመቴ ዘልዬ እሱ ላይ ወጣሁ። ጎረቤታችን አልተቆጡኝም። እጄን ይዘው አወረዱኝና ዝቅ ያለው ላይ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ሰጡኝ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ወተት አይጨምሩበትም ነበር። እኔ እንኳ ስረሳው የእኔን ጾም እሳቸው ያስታውሱ ነበር፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ የቤቶቹ የውስጥ አሠራርም ተደንቆ ነው። ስለ ግንቡና ስለ አምስቱ በሮች ግን ሁሉም ያወራል፤ ስለ ነደባ የሚቆረቆር ጥቂት ነው። ግንቡን የሚያፈርስ ቢመጣ ሁላችን እንጮህ ነበር። ነደባ ግን በር ተዘግቶ፣ በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሚር ነደባው ፈርሶ በቦታው ሶፋ ገብቷል። ልጆቹን አልወቅስም፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለእሳቸው አስበው ነው። እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለው። ሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሯል፣ ጀርባው ለበሩ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ገና ደፉን ስረግጥ በስሜ ይጠሩኝ ነበር።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

«ማነው?» አሉኝ።