«የት ልትደፊው ነው?»

ዛሬ ስለ ጫጩቶቹ አላወራም። የአክስቴ እንቁላል ማስፈልፈያ የት ደረሰ እያላችሁ ስትጠይቁኝ እንደሰነበታችሁ አውቃለሁ። የማስፈልፈያው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተሠርቷል፣ ሙቀቱንም በደንብ ይቆጣጠራል። እኔን ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሰሌዳው የተሠራበት ገንዳ ነው።

ያ መስታወት ቆራጩ «ለዓሣ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ገንዳ። ቁመቱ 25፣ ወርዱ 20፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያጠበብኩት ፌሪክ ክሎራይዱን፣ ማለትም ከሰሌዳው ላይ የማይፈለገውን መዳብ የሚበላውን ፈሳሽ፣ ለመቆጠብ ነው፤ ሰሌዳው ቆሞ ስለሚገባ አንድ ሊትር ተኩል እንኳ አይፈጅም። ጠርዙን በሲሊኮን ደፍኜ፣ ውኃ ሞልቼ አሳደርኩት፤ ጠብታ አላፈሰሰም። ከታች ጫፉን የደፈንኩትና በመርፌ የበሳሳሁት የግሉኮስ ቱቦ ተጋድሟል። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አየር ይነፋበታል፤ አረፋው ፈሳሹን እያናወጠ፣ ያልደከመውን ወደ መዳቡ ያደርሳል። ገንዳው የሚቆመው ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነው። ድሮ በፕላስቲክ ሳህን ክንዴ እስኪዝል እያወዛወዝኩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የምጠብቀው ሥራ፣ ፈሳሹ 40 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ፈሳሹ ጥቁር ቡና ስለሚመስል ውስጡ አይታይም። ሰሌዳውን በየጊዜው አውጥቼ ነው የማየው። መጀመሪያ የመዳቡ አንጸባራቂነት ይጠፋና ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ቀጥሎ ከዳር ዳር መበላት ይጀምራል። መዳቡ 35 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ መሳሳቱን ግን በዓይኔ የማየው ይመስለኛል። በእናቴ ካውያ ተጭኜ ያተምኩት ጥቁር ቀለም ከሥሩ ያለውን መዳብ ይከልለዋል፤ የቀረው ይሄዳል። ይሄዳል ነበር የምለው። እስከ ማክሰኞ።

ማክሰኞ ማታ ሰሌዳው ከገባ አራት ደቂቃ ቢሆነው ነው፣ መብራት ጠፋ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው፤ አረፋው ቆመ። ከዚያ እናቴ ሻማ ይዛ ገባች። ሻማው ቱቦው ላይ ሲያበራ ቡናማው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። ፓምፑን ወለል ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ገንዳውን ደግሞ ከአፉ አንድ ጣት ሲቀረው ነው የሞላሁት። አየሩ መግፋቱን ሲያቆም ፈሳሹ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ፓምፑ ሊወርድ ነው። ቱቦውን ስቤ አወጣሁት። የተንጠባጠበው ጥቂት ነው፤ አንዱ ጠብታ ግን የእናቴ ነጠላ ላይ አረፈ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መዳብ የሚበላ ፈሳሽ ነው፣ እማዬ።»

ሻማውን ወደ ገንዳው አስጠጋችና ዝም ብላ አየችው። ነጠላዋን አላየችም።

«ከበላ በኋላስ? የት ልትደፊው ነው?»

«አስቤበታለሁ» አልኳት።

አላሰብኩበትም። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን፣ በሳህን የሠራሁበትን፣ ባለፈው ክረምት በራችን ላይ ባለው ቦይ ደፍቼዋለሁ። ዝናብ ነበር፣ ጎርፉ ወሰደው፤ ያኔ ልቤን ቅር እንኳ አላለውም። ቦዩ ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው። በአቃቂ ዳር በዚያ ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ወደዚሁ ከተማ ገበያ ይመጣል። እናቴ ጎመን የምትገዛው ከየት ነው? እኔ እንጃ። ጠይቄያትም አላውቅም።

ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት፦ ጥቂት ፈሳሽ ነው፣ ፋብሪካ አይደለሁም። እውነት ነው። ግን መዳቡ ተበላ እንጂ አልጠፋም፤ እዚያው ፈሳሹ ውስጥ አለ። ፈሳሹ እያደር ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ለዚህ ነው። ለዓሣ ደግሞ ትንሽ መዳብ እንኳ መርዝ ነው። ያ ሰውዬ ለዓሣ ነው ወይ ያለኝ… ተዉት።

ፓምፑ አሁን መደርደሪያ ላይ፣ ከፈሳሹ በላይ ነው። ገንዳ የምትሠሩ ይህንን አደራ፤ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ካገኛችሁ እሱንም ጨምሩበት። የብረት ነገር አታስጠጉ፣ ማንኪያም ቢሆን ይበላል። የዓይን መነጽርና ጓንት አድርጉ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው።

የደከመውን ፈሳሽ አሁን በጀሪካን አጠራቅማለሁ። የልብስ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት ይገነፍላል፣ ቀስ ብሎም መዳቡና ብረቱ ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ። ጭቃውን ከሲሚንቶ ጋር አቡክተው የሚያደርቁ አሉ። እሺ፣ አቦካሁት፣ ደረቀ። ከዚያስ ድንጋዩን የት ነው የማደርገው? ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ሲመጡ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ላስረክባቸው? ምናልባት ይቻል ይሆናል። እጃቸውን ሳስብ ግን…

ለእናቴ እስካሁን እውነቱን አልነገርኳትም። ነጠላውን ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፣ ቢጫው አለቀቀም። ትናንት ከሥራ ስመለስ በጀሪካኑ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበት አገኘሁ። የዘይት ጀሪካን ስለነበረ ማንም እንዳይሳሳት ብላ መሆን አለበት። ምንም አላለችኝም። እኔም ክሩን አይቼ…

ቆዩ፣ መብራት መጣ መሰለኝ። ፓምፑ ጀመረ።